ማስረሻን ጥሎ ምናሴን ማንሳት

በየቴሌግራሙና በየቲክቶኩ የማይጠፋ አንድ ዓይነት ጽሑፍ አለ። «የስምህን ትርጉም ታውቃለህ?» ብሎ ይጀምራል። ከመጽሐፍ ቅዱስ አንድ የዕብራይስጥ ስም ያነሳል፤ በሁለት ቃል ይተረጉመዋል፤ ቀጥሎ ያን ስም ለያዘ ሰው ሁሉ ሀብት፣ ትዳርና ሹመት ያድላል። መጨረሻው «አሜን በሉ፣ ለ10 ሰው አጋሩ» ነው።

በዚህ ቢያበቃ ዝም ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። አላበቃም። የዚሁ ትምህርት ሌላኛው ፊት «ስምህ እርግማን ተሸክሟል፣ ቀይረው» የሚለው ነው። አንዳንዱ ሰባኪ መድረክ ላይ ሰው አቁሞ ስሙን ይጠይቃል። እናቱ ያወጣችለትን ስም ሲሰማ ፊቱን ያጨማድዳል፤ እዚያው በሕዝብ ፊት አዲስ ስም ይሰጠዋል። አዲሱ ስም አብዛኛውን ጊዜ ዕብራይስጥ ነው፤ ካልሆነም ዕብራይስጥ የሚመስል ነገር ነው። ከዳባትና ከደባርቅ፣ ሊማሊሞን ወርዶ ካለው ዛሪማችን ተነሥቶ ከተማ የገባ፣ ስሙን ሲጠየቅ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ወጣት ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

አቋሜን ከመጀመሪያው ላስቀምጥ። በዕብራይስጥ ስሞች ውስጥ የእምነት ትምህርት አለ፤ ብዙ አለ። ትምህርቱ ያለው ግን ስሙን ያወጣው ሰው በተናገረው ቃልና በደረሰበት ነገር ውስጥ ነው። ያን ታሪክ ቆርጦ ጥሎ ትርጉሙን ብቻ እንደ ክታብ አንገት ላይ ማሰር መጽሐፉንም ያዋርዳል፣ እናቶቻችንንም ያዋርዳል።

የማናውቀው ነገር አልመጣብንም

የዕብራይስጥ ስም ብዙ ጊዜ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ፈረንጅ ይህን ለመረዳት መዝገበ ቃላት ያገላብጣል። ዛሪማ ያደገ ሰው ግን ያለ አስተማሪ ይገባዋል፤ የሱም ስም ዓረፍተ ነገር ነውና። እስኪ ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው።

ዮሴፍ በግብፅ የወለደውን በኩር ምናሴ አለው። ምክንያቱንም ተናግሯል፤ ድካሙንና የአባቱን ቤት እግዚአብሔር ስላስረሳው ነው። በእኛ አገር ልጅ ሞቶባት ሌላ የወለደች እናት ልጇን ማስረሻ ትለዋለች።

ሔዋን አቤል ከተገደለ በኋላ የወለደችውን ሴት አለችው፤ በሟቹ ፈንታ ሌላ ተሰጠኝ ማለቷ ነው። እኛ ምትኩ፣ ተካ፣ ካሳ እንላለን።

ልያ ሁለተኛ ልጇን ስምዖን ያለችው እግዚአብሔር ስለሰማት ነው። የእኛዋ እናት ሰማኸኝ ትላለች። የግዕዙ «ሰምዐ» እና የዕብራይስጡ ግስ ደግሞ የአንድ ሥር ልጆች ናቸው።

ይሁዳ ከምስጋና የተወለደ ስም ነው፤ የእኛው ተመስገን ነው። ናታን «ሰጠ» ማለት ነው፤ እኛ ዘንድ ሰጠኝ አለ፣ ስጦታው አለ።

እንግዲህ ማስረሻ መባል አሳፍሮት ምናሴ የተባለ ሰው ስሙን አልቀየረም። ያው ስም ነው። የቀየረው ስም አውጪውን ነው፤ እናቱን አስወጥቶ ዮሴፍን አስገባ። የዮሴፍ እንባ መንፈሳዊ፣ የእናቱ እንባ ግን የገጠር ወሬ ሆነበት። ይህን ማን አስተማረው? ያ የቴሌግራም ጽሑፍ አስተማረው።

የልያ አራት ልጆች

የስም ትርጉም እንዴት እንደሚያስተምር ማየት የፈለገ ሰው ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 29ን ይክፈት። ልያ ባሏ የማይወዳት ሴት ናት። በተከታታይ አራት ወንዶች ትወልዳለች። የመጀመሪያውን ሮቤል ስትል መከራዬ ታየልኝ፣ አሁን ባሌ ይወደኛል ብላ ነው። ሁለተኛውን ስምዖን ስትል መጠላቴ ተሰማልኝ ብላ ነው። ሦስተኛውን ሌዊ ስትል አሁንስ ባሌ ከእኔ ጋር ይጣበቃል ብላ ነው። አራተኛውን ይሁዳ ስትል ግን ስለ ባሏ አንድም ቃል አልተነፈሰችም፤ እግዚአብሔርን አመሰገነች፣ በቃ።

አያችሁ? ሮቤል፣ ስምዖን፣ ሌዊ፣ ይሁዳ ብለን በመዝገበ ቃላት ብንተረጉም አራት የተበታተኑ ቃላት እናገኛለን። በተርታ ስናነብ ግን የአንዲት የተገፋች ሴት ልብ ከዓመት ዓመት ሲለወጥ እናያለን። ፍቅርን ከሰው ስትለምን የኖረች ሴት በአራተኛው ልጇ ላይ ልመናዋን ትታ አመሰገነች። የእምነት ትምህርት ማለት ይሄ ነው። ይህን ትምህርት «ይሁዳ ማለት ምስጋና ነው፣ ይሁዳ የተባልክ ሁሉ ዘንድሮ ታመሰግናለህ» ብሎ መቁረጥ ሙሉ ድግስ ጥሎ ማንኪያውን ይዞ እንደመሄድ ነው።

ስም ዕጣ ፈንታ ቢሆን ኖሮ

አቤሴሎም የሚለውን ስም አማርኛ የሚናገር ሰው ያለ አስተርጓሚ ይሰማዋል። አብ አለበት፣ ሰላም አለበት። የአባት ሰላም! የዚህ ስም ባለቤት ግን በአባቱ በዳዊት ላይ ሸፍቶ ሽማግሌውን ከኢየሩሳሌም በባዶ እግሩ አሰደደው። ስሙ አላዳነውም፤ አባቱንም አላሳረፈም።

ቤተልሔም በዕብራይስጥ የእንጀራ ቤት ማለት ነው። መጽሐፈ ሩት የሚጀምረው በዚያው በእንጀራ ቤት ረኃብ ገብቶ ሰው ሲሰደድ ነው። የተሰደደችው ሴት ኑኃሚን ትባላለች፤ ደስ የምትል ማለት ነው። ባሏንና ሁለት ልጆቿን ቀብራ ስትመለስ ለጎረቤቶቿ ኑኃሚን አትበሉኝ፣ ማራ በሉኝ አለች፤ መራራ ማለቷ ነው። የመጽሐፉ ትምህርት የሚፈልቀው ስምና ኑሮ ከተጋጩበት ከዚህ ቦታ ነው። ስምን እንደ ዕጣ የሚያነብ ሰው ግን ገና ከመጀመሪያው ገጽ ተሸንፏል።

ይሁዳም ያው ነው። ከ12ቱ ሐዋርያት መካከል በዚህ ስም የሚጠሩ ሁለት ነበሩ። አንዱ ጌታውን ሸጠ፣ አንዱ ጸና። አንድ ማዕድ፣ አንድ ስም፣ ሁለት መንገድ።

ከመጽሐፍ ወጥተን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። በየካቲት 1847 ዓ.ም ደጃዝማች ካሳ ኃይሉ የሰሜኑን ገዥ ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥቶ በደረስጌ ማርያም ዘውድ ጫነ። ቤተ ክርስቲያኗን ያሠራት ውቤ ነበር። ካሳ ግን ካሳ ሆኖ አልነገሠም። ፍካሬ ኢየሱስ ላይ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይመጣል፣ ዘመኑም የሰላምና የጥጋብ ይሆናል የሚል ትንቢት ነበረና ያን ስም ወሰደ። ስሙ ከግሪክ የመጣ ነው፤ የእግዚአብሔር ስጦታ ማለት ነው። ንጉሡ ያሰበውን ያህል አሰበ፣ የሠራውን ያህል ሠራ፤ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም መቅደላ ላይ በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። ትንቢት የተነገረለት ስም እንኳ በራሱ ሰላም አላወረደም። ዛሬ የምናከብረው ስሙ የገባለትን ተስፋ ቆጥረን ነው? በፍጹም! የምናከብረው ሰውየው ለዚህች አገር በተመኘውና በከፈለው ነው።

የአሥሩ ስሞች ሰንሰለት

ከሁሉ በላይ የሚዛመተው ከአዳም እስከ ኖኅ ያሉትን አሥር ስሞች ደርድሮ አንድ ዓረፍተ ነገር የሚያወጣው ጽሑፍ ነው። አዳም ሰው፣ ሴት የተመደበለት፣ ሄኖስ ሟች፣ ቃይናን ሐዘን፣ መላልኤል የተባረከ አምላክ፣ ያሬድ ይወርዳል… እያለ እስከ ኖኅ ዕረፍት ይደርሳል። ሲያነቡት ያስደነግጣል፤ ወንጌል በኦሪት ውስጥ ተደብቆ ኖሯል ያሰኛል። ትንሽ ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ግን ስፌቱ ይተረተራል።

አንደኛ፣ ከአሥሩ ውስጥ ኦሪት ራሷ ስማቸው የወጣበትን ምክንያት የነገረችን የሴትንና የኖኅን ነው። የቀረውን የጨመረው ጸሐፊው ነው። ቃይናን ፊደሉ ከቃየን ጋር ይቀራረባል፤ ሔዋን ደግሞ ቃየንን ስትሰይም የተናገረችው ስለ ማግኘት ነው፤ ሐዘን አላነሳችም። መላልኤል ውስጥ ያለው ቃል የሃሌ ሉያ ዘመድ ነው፤ የእግዚአብሔር ምስጋና ቢባል ያምራል፤ «የተባረከ አምላክ» የተባለው ለዓረፍተ ነገሩ እንዲመች ተጠምዝዞ ነው። ላሜሕ ደግሞ በዕብራይስጥ ቁርጥ ያለ ሥር የተገኘለት ስም አይደለም።

ሁለተኛ፣ ሄኖክና ላሜሕ የሚባሉ ስሞች በቃየን ዘር ውስጥም አሉ፤ እዚያው ዘፍጥረት 4 ላይ። ያኛው ላሜሕ ሰው መግደሉን ለሚስቶቹ የፎከረው ነው። የስሙ ፊደል ወንጌል የሚሰብክ ከሆነ ከነፍሰ ገዳዩም አፍ ሊሰብክ ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው የሚያስቆጨኝ ነው። የያሬድን ስም ትርጉም የሚነግረን መጽሐፍ በእጃችን አለ። መጽሐፈ ኩፋሌ፣ ሙሉው በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ ለዓለም የተረፈው መጽሐፍ፣ በምዕራፍ 4 ላይ ያሬድ የተባለው በዘመኑ መላእክት ወደ ምድር ስለወረዱ ነው ይላል። ግዕዝ ለሚያውቅ «ወረደ» ብሎ ነገሩ ግልጥ ነው። መጽሐፈ ሄኖክም የመላእክቱን መውረድ ከያሬድ ዘመን ጋር ያያይዘዋል። ይህን ሁሉ አባቶቻችን በብራና ጽፈው፣ በየገዳሙ ሸሽገው አቆይተውልን፣ እኛ የያሬድን ትርጉም ከባሕር ማዶ ተተርጉሞ ከመጣ ሰንሰለት እንማራለን።

በዚያ ላይ የእኛ ያሬድ አለ። ማሕሌታዊው ቅዱስ ያሬድ ከአክሱም ተነሥቶ ወደ ሰሜን ተራሮች እንደወጣ፣ በዚያም እንደተሰወረ ትውፊታችን ይነግረናል። ከሰሜን ከፍታዎች አንዱ ዛሬም አባ ያሬድ ይባላል። ስሙ መውረድ የሆነው ሰው እኛ የምናስበው ሲወጣ ነው። ለመዝገበ ቃላት ይህ ስህተት ነው፤ ለእምነት ግን ትልቅ ትምህርት ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። ስሞቹ ወደ እኛ የመጡት አብዛኞቹ በግሪክ በኩል ዞረው ነው። ኤርምያስ፣ ኤልያስ፣ ዘካርያስ፣ ዮሐንስ መጨረሻቸው ላይ ያለው «ስ» የግሪክ ጭማሪ ነው። ከሱ ምሥጢር የሚፈልግ ሰው ከውጭ የተሰፋን ቁልፍ የልብሱ ሥጋ ነው ብሎ እንደሚምል ነው። ቤርሳቤህን ተመልከቱ። በዕብራይስጥ የኦርዮ ሚስት የነበረችው ሴት ስምና አብርሃም የማለበት የጉድጓዱ ቦታ ስም ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው፤ አንዱ በ«ልጅ»፣ አንዱ በ«ጉድጓድ» ይጀምራል። ግሪኩ ሁለቱን አንድ አድርጎ ጻፋቸው፤ እኛም ሁለቱንም ቤርሳቤህ እንላለን። እንግዲህ ቤርሳቤህ የምትባል እህታችን የየትኛዋን ትርጉም ትያዝ? የልጅቱን ወይስ የጉድጓዱን? በእርግጠኝነት «ያንቺ ስም ትርጉም ይህ ነው» የሚላት ሰው ይህን አያውቅም፤ ወይም እያወቀ ይዋሻታል።

የጎንደር ሊቃውንት ይህን ስለሚያውቁ ነው «አንድም» እያሉ የሚተረጉሙት። አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው ብለው ብዙ በር ክፍት ይተዋሉ። ለዘመናት የተማሩት ሰዎች በትሕትና አንድም ሲሉ፣ ትናንት ስልክ የገዛው ሰው «ትርጉሙ ይህ ብቻ ነው» ይላል።

«እግዚአብሔር ራሱ ስም ለውጦ የለም?»

ይህ የሚቀርብልኝ የመጀመሪያው ተቃውሞ ነው፤ ተገቢም ነው። አዎ፣ አብራምን አብርሃም፣ ሦራን ሣራ፣ ያዕቆብን እስራኤል ብሏል። ግን ስንቱን ሳይለውጥ እንደተወ ቁጠሩ። ሙሴን ሙሴ ያለችው የፈርዖን ልጅ ናት። ጣዖት በሚመለክበት ቤተ መንግሥት የወጣ ስም ነው። እግዚአብሔር ከቁጥቋጦው መካከል ሲጠራው በዚያው ስም፣ ያውም ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ጠራው። በሐዋርያት ሥራ የምናገኘው አጵሎስ ስሙ ከግሪኮቹ ጣዖት ከአፖሎ የተወሰደ ነው። ታላቅ ሰባኪ ሆነ፤ ስምህን ቀይር ያለው ሐዋርያ የለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ናባል ነው። ሚስቱ አቢግያ ስሙም ግብሩም ስንፍና ነው ብላ የለም ወይ ይላሉ። ብላለች። ያለችው ግን ሰውየው ለተራቡት የዳዊት ሰዎች እንጀራ ከልክሎ ቤቱን ለጥፋት ካጋለጠ በኋላ ነው። ሥራውን አይታ በስሙ ተሳለቀች እንጂ በስሙ አልጠነቆለችበትም።

ሦስተኛው የራሳችን ምሳሌ ነው፤ «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። እሺ፣ ያውጣው። መልአክ ያወጣውን ስም ታዲያ መድረክ ላይ የቆመ ሰው በየትኛው ሥልጣኑ ይሽረዋል?

የክርስትና ስምስ? እሱ ሌላ ነው። ቄሱ ሕፃኑን በ40 ቀኑ፣ ሕፃኗን በ80 ቀኗ ሲያጠምቁ ገብረ ማርያም፣ ወለተ ሚካኤል ይላሉ፤ የቤቱን ስም ግን አይደመስሱም። ቆራቢው በቅዳሴ ገብረ ማርያም ነው፣ በገበያ ማስረሻ ነው። ይጨመርለታል፣ አይነጠቅም።

ስም ሲነጠቅ

ስም መንጠቅ ምን እንደሚመስል መጽሐፍ ቅዱስ አሳይቶናል። ናቡከደነፆር የይሁዳን ልጆች ማርኮ ባቢሎን ሲያስገባ የጃንደረቦቹ አለቃ የመጀመሪያ ሥራው ስም መቀየር ነበር። ዳንኤልን ብልጣሶር፣ አናንያን ሲድራቅ፣ ሚሳኤልን ሚሳቅ፣ አዛርያን አብደናጎ አላቸው። ቤተ ክርስቲያናችን ግን እስከ ዛሬ ሠለስቱ ደቂቅን አናንያ፣ አዛርያ፣ ሚሳኤል ብላ ነው የምትጠራቸው። ሹሙ በሰጣቸው ስም ስታወድሳቸው ሰምታችሁ አታውቁም። እናት ያወጣችው ስም ከእሳቱ ጋር አልነደደም።

ይህ ታሪክ ለእኛ አካባቢ ሩቅ አይደለም። ጎረቤቶቻችን የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ከሰሜን፣ ከወገራ፣ ከደምቢያና ከወልቃይት ተነሥተው በእግራቸው ወደ ሱዳን ወረዱ። በመንገድና በመጠለያ ወደ 4 ሺህ የሚሆኑ እንደሞቱ ይገመታል። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም በሙሴ ዘመቻ በሺዎች የሚቆጠሩት በአውሮፕላን ተወሰዱ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ ተጓጓዙ። ለዘመናት የጸለዩባት አገር ገቡ። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሲደርሱ የጠበቃቸው አንዱ ነገር አዲስ ስም ነበር። መዝጋቢው ስማቸውን መጥራት ሲያቅተው፣ ወይም ይህ ስም እዚህ አይሆንም ብሎ ሲያስብ፣ የዕብራይስጥ ስም ጻፈላቸው። ክፋት አስቦ ነው አልልም፤ አገሩን እንዲመስሉ ፈልጎ ነው። በደስታ የተቀበሉትም ነበሩ።

ግን አስቡት። አንዲት እናት ከልጇ ሞት በኋላ የወለደችውን ማስረሻ አለች። ያ ስም የሟቹ ብቸኛ ሐውልት ነበር። መዝገብ ላይ በአንድ መስመር ተሰርዞ በቦታው ያማረ የዕብራይስጥ ስም ተጻፈ። የስሙ ትርጉም ከመጽሐፍ ነው፣ ቅዱስ ነው፤ ከዚያች ሴት ሐዘን ጋር ግን ምንም ዝምድና የለውም። በኋላ ካደጉት ልጆች መካከል የኢትዮጵያ ስማቸውን መልሰው የወሰዱ መኖራቸው አያስገርምም። ዕብራይስጥ በሚነገርበት አገር፣ ዕብራይስጥ አፋቸውን የፈቱ ልጆች፣ ትርጉሙን ከማንኛችንም በላይ እያወቁ የአያቶቻቸውን ስም መረጡ። እኛ እዚህ ተቀምጠን በፈቃዳችን የምንጥለውን እነሱ እዚያ ታግለው አነሡት።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ልጃችሁን ናታን፣ ቤቴል፣ ምናሴ ማለት መብታችሁ ነው። ማንም አይከለክላችሁም። ስታወጡ ግን ታሪኩን ከስሙ ጋር ስጡት። ምናሴ ካላችሁት ዮሴፍ ማንን ሊረሳ እንደፈለገ፣ በኋላም ወንድሞቹ በፊቱ ሲቆሙ መርሳት እንዳልቻለና እንዳለቀሰ ንገሩት።

የስም ትርጉም የሚለጥፍ ጽሑፍ ሲደርሳችሁ ሦስት ጥያቄ ጠይቁት። ስሙን ማን አወጣው? ምን ደርሶበት አወጣው? የስሙ ባለቤትስ ምን ሆነ? ሦስቱን ካልመለሰ አታጋሩት።

«ስምህ እርግማን ነው» የሚላችሁን ደግሞ እናታችሁን በሞት ካስቀደመው ቀን በፊት የት እንደነበረ ጠይቁት።

ወደ ራሳችን ጊዜ ልምጣ። በመጽሐፈ ሳሙኤል የፊንሐስ ሚስት ጦርነት ጠፍቶ፣ ባሏና አማቷ ሞተው፣ ታቦት ተማርኮ ሰማች፤ በምጥ ላይ ሆና ልጇን ኢካቦድ አለችው፤ ክብር ለቀቀ ማለቷ ነው። በ2013 ዓ.ም ክረምት ጦርነቱ አዲአርቃይንና ዛሪማን አልፎ ወደ ደባርቅ አፋፍ ሲጠጋ፣ በዳባት ጭና ላይ ያ ሁሉ ሰው ሲያልቅ፣ ከቀያቸው ተፈናቅለው በመጠለያና በሰው ቤት የወለዱ እናቶች ነበሩ። የዚያን ክረምት ልጆች ዛሬ ፊደል ቆጥረዋል። የሽሽቱን፣ የሟቹን፣ የተቀበላቸውን ሰው ደግነት በስማቸው የተሸከሙ አሉ። እነዚያ ስሞች በብራና አልተጻፉም፤ ሐውልት አልቆመላቸውም። ያሉት በልጆቹ ላይ ብቻ ነው።

መምህር ብትሆን፣ ቄስ ብትሆን፣ ፓስተር ብትሆን፣ እንዲህ ያለ ልጅ ፊትህ ሲቆም ከመተርጎምህና ከመቀየርህ በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠይቀው። «ማን አወጣልህ? ለምን?» በለው። የልያን ልጆች ስም ያነበበ ሰው ይህን ጥያቄ መጠየቅ ሊያቅተው አይገባም።

ቸር ያሰንብተን።